በሽርጥ የተጠቀለለ የመሪ ብረት

ጅቡቲ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሽብሩ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የእትዬ ትርንጎ ደም ግፊትስ ተመለሰላቸው? እኔ እመብርሃን ትመስገን ደህና ነኝ። እዚህ አሁን ሰው በቀትር መንገድ መሻገር የሚችልበት ወር ስለሆነ እንደ ክረምት ቆጥረን እየተደሰትን ነው። የአያቶቻችን አምላክ ለእርስዎም ለብረት መቅረጫው ለቶርኖዎም ዕድሜ ይስጥልኝ።

መቼም "ይቺ ልጅ ያለ ጉዳይ ወረቀት አታነሳም" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልዋሽም፣ ጉዳይ አለኝ። የአሠሪዬ የማዳም ሩቅያ አባት፣ ሐጂ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር አንድ አሮጌ የጦር ጂፕ አላቸው። በፈረንሳይ ጊዜ ወታደር ሲነዳው የኖረ ነው፤ ሐጂም በጎረምሳነታቸው የመካኒክነትን ሀሁ የቆጠሩት እሱ ላይ ነው አሉ። ስንት ዘመን ዶሮ ሲሰፍርበት ከርሞ አሁን ሞተሩን አስነሱት፣ ቀለሙንም ቀቡት። ለሰኔ ሃያ፣ ለነጻነት በዓላቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ኢማንን ጎናቸው አስቀምጠው ከተማውን ሊዞሩበት አስበዋል። አልሆን ያለው መሪው ነው። ሐጂ ወደ ቀኝ ሲጠመዝዙት ጎማው "ቆይ ትንሽ ላስብበት" ይላል።

ልጅዎ ዋለልኝ ከሥሩ ገብቶ አየውና "ሁለቱም ቴስቲና አልቋል" አለ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ ያለው ብረት ማለቱ ነው። ሐጂ ቡላኦስ ሰፈር ያለውን የዕቃ ዱካን ሁሉ አዳረሱ፣ ዱባይም አስጠየቁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ድሮ ቀረ ተባሉ። እኔም አፌ መች ያርፋል፣ "ኮምቦልቻ ያለው አጎቴ ይሠራዋል" አልኩ!

ዋለልኝ ካሚዮኑን ይዞ ዶራሌ ወደብ የመጫን ተራ እየጠበቀ ነው። አርብ አርብ እኛ ጋ ነው የሚበላው፤ ወፍሯል፣ አምሮበታል። ጂፗን ሲያያት በሳቅ ፈረሰ። "አባዬ ከሠራትማ ይቺ መኪና እኔን ፍለጋ ራሷ ትመጣለች" አለኝ። እጅ ነስቷል፣ እናቱንም ሳሙልኝ ብሏል። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ጓደኛው ደስታው ነው።

የምትወድዎ ልጅዎ ወለላ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለላ፣

እሱ መድኃኔ ዓለም በሰው አገር ግርማ ሞገስ ይሁንሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። ትርንጎ ጨው ተከልክላ ሐኪሙን ስትረግም ትውላለች፤ ለመርገም አቅም ካላት ደህና ናት ማለት ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ብረት በወሬ አይሠራም። አሮጌዎቹን ላኪልኝ። "ያው ናቸው፣ አንዱ ይበቃዎታል" ብለሽ ደግሞ አንዱን ብቻ እንዳትልኪ። ያው አይደሉም። የአንዱ ጥርስ ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ የሌላው ወደ ግራ። መሐል ያለውን ዘንግ ስታዞሪው ሁለቱም እኩል እንዲገቡ፣ ሁለቱም እኩል እንዲወጡ ነው። ባልና ሚስት በያቸው፤ ተቃራኒ ሆነው ነው አንድ ቤት የሚይዙት። ሁለቱንም ቀኝ አድርጎ የሠራ ሰው መሪ ሳይሆን ሬሳ ሣጥን ነው የሠራው።

"ስልክ እንደውልልዎ" ማለቱንም ተዪው። ጆሮዬን ቶርኖ ከበላው ቆየ፤ በስልክ ሰው ሲያወራኝ የንብ ቀፎ ውስጥ አንገቴን የከተትኩ ነው የሚመስለኝ። ወረቀት ይሻለኛል።

ብረቶቹን ዋለልኝ ራሱ ይዞ ይምጣ። ባለፈው ከሚሌ ዞር ብሎ ባቲን አልፎ መምጣት ሲችል ቀጥ ብሎ አዲስ አበባ ገባ። የእናቱ ጉዳይ አለ፤ ባቲ አንዲት ልጅ አይታለታለች፣ እሱ ሲሰማ እንዳይሸሽ አትንገሪው። የእኔ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። መስከረም ላይ ለመኪናው ቴስቲና በእጄ ሠርቼ ገጥሜለታለሁ፤ ሱቅ የሚሸጠውን አላመንኩትም። የገጠምኩትን ነገር ተመልሼ ካላየሁት ልቤ አያርፍም። "አባትህ መሪህን ሊያይ ይፈልጋል" በይልኝ።

አጎትሽ ሽብሩ


ጅቡቲ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሽብሩ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሁለቱንም ብረቶች በደስታው እጅ ልኬያለሁ። ቅባት ስለነበረባቸው በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። ሐጂ አይቸኩሉም፤ እርስዎም አይቸኩሉ፤ ባይሠራም ምንም አይደለም ብለዋል።

ዋለልኝ በዚህ ዙር አይመጣም። እዚህ ይቆያል።

ነገ ጾም ስለሚገባ ሰላም ያስጀምራችሁ፣ ሰላም ያስፈጽማችሁ። እትዬ ትርንጎ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ። አደራ ጋሼ፣ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ።

ወለላ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለላ፣

እንደምን አለሽልኝ? የጾሙን በረከት ያሳትፈን። ብረቶቹ ደርሰውኛል። ደስታው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት አቀብሎኝ ሄደ። ደስታው! ቤቴ ገብቶ ትሪውን ሳያጸዳ የማይነሳው ሰው "ቸኩያለሁ ጋሼ" አለኝ፣ ያውም ዓይኔን ሳያየኝ። ትርንጎ ሽሮ ልታቀርብለት ስትጣደፍ መኪናው አስፋልት ይዟል። ተቀይማዋለች።

የፈረንሳዩ ሥራ ይመሰገናል። የብረቱ ራስ እንደ ኳስ ድቡልቡል መሆን ሲገባው ተፍቆ ተፍቆ እንቁላል ሆኗል እንጂ አካሉ አሁንም ጨዋ ብረት ነው። ከተገለበጠ ካሚዮን ላይ ያነሳሁት የኋላ ዘንግ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ አይገኝም፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነው። ከሱ ቆርጬ ጀምሬያለሁ።

የተጠቀለሉበትን ጨርቅ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።

ወለላ፣ ዋለልኝ እዚህ ይቆያል ብለሻል። ለምን ይቆያል? መኪናው ተበላሽቶ ነው? መሪው አስቸግሮት ነው? መሪው ከሆነ አትደብቂኝ። "ዋለልኝ እጅ ነስቷል" የሚል ቃል ፈልጌ ወረቀትሽን ገልብጬ አየሁት፣ ጀርባውም ባዶ ነው። ለእናቱ ሳነብላት ግን ከራሴ ጨምሬ "እናቴን ሳሙልኝ ብሏል" አልኳት። እንደዋሸሁ አታስቀሪኝ፤ ቶሎ መልሺልኝ።

አጎትሽ ሽብሩ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሽብሩ፣

እንደምን ከረሙ? መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ረመዳን ስለነበር ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ስጠብስ ነው የከረምኩት፤ ትናንት ዒዱ አለፈ፣ ዛሬ ገና ቁጭ አልኩ። ማዳም ለበዓሉ ቀሚስ ገዝታልኛለች። ሙቀቱም እየመጣ ነው። መብራት ሲጠፋና ማቀዝቀዣው፣ ክሊማው፣ ሲቆም ሐጂ ጂፑ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ መስኮት ስለሌለው ንፋስ ያገኛቸዋል።

ሐጂ ስለ ብረቱ አይጠይቁኝም። እንዲያውም "ሰውየውን አታስቸግሪው፣ ይቅርብኝ" አሉኝ።

ጋሽ ከበበው የሚባሉ ትልቅ ሰው አሉ፤ እዚህ ያለነው የአገር ልጆች የዕድር ዳኛ ናቸው። ከበዓለ ትንሣኤ በኋላ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ እናንተ አገር ብቅ ሊሉ አስበዋል። ቤትዎም ጎራ ይላሉ፣ እንዲያው ለጥየቃ። እርስዎ ግን የትም አይሂዱ። ወደዚህ ለመምጣት እንዳያስቡ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም።

ሌላ ወሬ የለኝም። እትዬ ትርንጎን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ወለላ


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ወለላ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ከበበው የሚባል ዘመድ የለኝም። የዕድር ዳኛ ሁለት ሰው አስከትሎ የማያውቀውን ሰው ቤት ለምን እንደሚጠይቅ ለእኔ አይነገርም። እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ በዚህ ከተማ የስንቱን በር ጎህ ሳይቀድ አንኳኩቻለሁ።

ግን ያ ደብዳቤሽ ገና ሳይጻፍ ነው ያወቅሁት። ብረቶቹን ከጨርቁ ስፈታቸው ነው። የዋለልኝ ሽርጥ ነው፤ አሳይታ አፋሮቹ የሸጡለት አረንጓዴው፣ ጫፉን ሲጋራ አቃጥሎት እናቱ በቀይ ክር የለቀመችው። በዚያ በረሃ ሾፌር ለብሶት ይነዳል፣ ለብሶት ይተኛል፣ ውሃ ሲያገኝ ነክሮ ራሱ ላይ ይጥለዋል። በቁሙ ያለ ሾፌር ሽርጡን ለብረት መጠቅለያ አይሰጥም። እኔ ሞኙ ደግሞ ቅባቱን ላስለቅቅ ብዬ በቤንዚን አጠብኩት። የእሱ ጠረን አብሮ ሄደ። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ስፈልገው ቤንዚን ብቻ ሆነብኝ። ይሄንን ሳስብ እጄን ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኛል።

ልጄ፣ መርዶ ያልሰማ ሰው ማልቀስ አይችልም። እንዴት ብዬ ላልቅስ? ማን ነገረህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? "ሟርተኛ፣ ልጁን በቁሙ ያለቅሳል" ይሉኛል። ትርንጎስ በእኔ ጩኸት ትስማ? ሰው እስኪመጣ እንዳልሰማ መሆን አለብኝ። ጎረቤት "ዋለልኝ ደህና ነው?" ሲለኝ "ደህና ነው" እላለሁ። ይሄ አፍ ይሄንን ይላል።

ስለዚህ ጠዋት ቶርኖውን አስነሳለሁ። እሱ ሲጮህ እኔም እጮኻለሁ። ማንም አይሰማኝም፤ እኔም ደንቆሮ ነኝ፣ ራሴን አልሰማውም። ባለፈው ትርንጎ ምሳ ይዛ መጥታ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። "ሽብሩ፣ ብረት ሳታስርበት ለምንድን ነው የምታዞረው?" አለችኝ። "ዘይቱ እንዲዳረስ ነው" አልኳት። ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትጨቀጭቀኝ ነበር።

የሐጂ ቴስቲናዎች አልቀዋል። ብዙ አበላሽቼ ነው ያለቁት። የግራውን ጥርስ ደጋግሜ ወደ ቀኝ እያወጣሁት፣ ያን ጨዋ ብረት ስንት ቦታ ቆርጬ ጣልኩት። አሁን ግን በእሳት ግለው፣ ዘይት ጠጥተው፣ መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል።

አልልካቸውም። ሐጂን ንቄ አይደለም። አንድ ነገር እስክትመልሺልኝ ነው። እንዴት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ እሱን ሽማግሌዎቹ ይንገሩኝ። የምጠይቅሽ ይሄንን ብቻ ነው፤ መሪው ነበር?

የዋለልኝን መኪና ቴስቲና የሠራሁት እኔ ነኝ። የገጠምኩት እኔ ነኝ። ስጨርስ ትከሻውን መትቼ "በል ንዳ፣ ይሄ ካንተ በኋላም ይኖራል" ያልኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ከድቶት ከሆነ፣ ዲኪል ቁልቁለት ላይ ሲጠመዝዘው እምቢ ብሎት ከሆነ፣ የእኔ ብረት ነው። እንዲያ ከሆነ ለሰው አባት፣ ለዚያች ለኢማን፣ መሪ አልሠራም። ቶርኖውንም ዳግመኛ አልነካውም።

በመስቀሉ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ጻፊልኝ።

ሽብሩ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ አልጽፍም። ባይሆንም አልችልም ነበር።

መሪው አልነበረም።

መሪው አልነበረም ጋሼ! መኪናው አንድ ጭረት የለበትም። ባለቤቱ ቦንሳ የሚባል ልጅ ቀጥሮበት በዚያው መሪ ስንቴ ወጥቶ ገብቷል። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ቀጥታ ዶራሌ ሄድኩ፤ ማዳምን "ታምሜያለሁ" ብዬ። ቦንሳን አገኘሁትና መሪውን ጠየቅሁት። "ቅቤ ነው፣ እንዲህ ያለ መሪ ይዤ አላውቅም፣ ማን ነው የሠራው?" አለኝ። የሠራውን ሰው ነገርኩት። ባርኔጣውን አወለቀ።

ዋለልኝ በትኩሳት ነው። ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነበር፤ ራሱን አመመው፣ ቀለል ያለ መሰለውና በክኒን ዋለ። እኔ ሾርባ ይዤ ስሄድ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሐጂ በልጃቸው መኪና ሐኪም ቤት አደረሱት። እጁን ይዤው ነበር። ብቻውን አልነበረም፣ ይሄንን ይወቁልኝ። ስለ እናንተ ምን አለ እንዳይሉኝ፤ ትኩሳቱ ያስቃዠው ነበር። "ቁልፉ ማን ጋ ነው?" ሲለኝ "እኔ ጋ ነው" አልኩት። ወደ አገር እንውሰደው ብለን ለመንን፤ በሽታው ይተላለፋል ተብሎ ቶሎ ይቀበር አሉን። ካህን ፈትቶታል፣ በእኛ ሰዎች መቃብር ነው ያረፈው። ሐጂ ከአጥሩ ውጪ በዚያ ፀሐይ ቆመው እስክንጨርስ ጠበቁን።

ሽርጡን ሆን ብዬ አልነበረም። ጓደኞቹ ዕቃውን እኔ ክፍል አስቀመጡት። ከማዳም ቤት ጨርቅ ማንሳት ፈራሁና እጄ የነካውን ሳብ አደረግሁ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ደስታው ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አይወርድልኝም።

እንዲነግሩዎት ለምኜ ነበር። መጀመሪያ "የእናትየው ደም ግፊት ይረፍ" አሉ፤ ቀጥሎ "በጾም አይሆንም"፤ ቀጥሎ "በበዓል ዋዜማ ሰው አይረዳም"። ለእናንተ አስበው ነው፣ ክፋት የላቸውም። አሁን ግን ቆርጠዋል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ማክሰኞ ንጋት ላይ ቤትዎ ይደርሳሉ። ጋሼ፣ እባክዎ እንዳልሰሙ ሆነው ይቀበሏቸው። "ያቺ ገረድ በወረቀት አረዳችው" እንዳይሉኝ። በዓሉንም እንደምንም ያሳልፉልኝ።

ወለላ


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለላ፣

ያሳደረሽ አምላክ ይመስገን። የወንድምሽን እጅ የያዘ እጅሽን እግዚአብሔር አያሳጣሽ፤ ልጅ ወልደሽ እቀፊበት።

መጥተው ነበር። ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ እንዳልሰማ ሰው ሆኜ በር ከፈትኩ። "ምነው በጠዋት፣ ደህና ናችሁ?" እንኳ አልኩ። ጋሽ ከበበው ጥሩ ሰው ነው፤ ከየት እንደሚጀምር ቃል ሲፈልግ አዘንኩለት። ገና ሳይጀምር ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፣ መቀነቷን አጥብቃለች። "ግቡ፣ ስጠብቃችሁ ነው የከረምኩት" አለቻቸው። ከዚያ ጮኸች። እኔም ጮህኩ፣ ያለ ቶርኖ።

ኋላ ላይ ጠየቅኳት። "ባዶ ማሽን የሚያዞር ሰው ምን ሆኖ ነው ብዬ ላስብ?" አለችኝ። እኔ ለእሷ ስል፣ እሷ ለእኔ ስትል፣ ፋሲካን ዶሮ አርደን በልተናል። ይሄው ነው ኑሯችን።

ሽርጡን እሷ ወስዳዋለች። ቤንዚን ቤንዚን ይላል ብላት አልሰማችኝም፤ ከሥሩ የእሱ ይሸተኛል ትላለች። እናት ናት፣ አላስተባብላትም።

ብረቶቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ልኬያቸዋለሁ። የግራው ላይ በሞረድ አንድ ጭረት አድርጌበታለሁ፣ እንዳይደናገራቸው። ለሐጂ "ከአጥር ውጪ ለቆሙበት" በይልኝ፤ ዋጋ ልክፈል ብለው እንዳያስቡ።

አንድ ነገር ግን ለምኚልኝ። ከበዓላቸው በፊት መሪውን መሞከራቸው አይቀርም። ሲሞክሩት ቀስ ብለው ዋለልኝ ያለበት ድረስ ይንዱት፤ አንቺ ከጎናቸው ተቀመጪ። ስትደርሱ ሞተሩን ቶሎ እንዳያጠፉት፣ ትንሽ ይስማው። "አባዬ ከሠራትማ እኔን ፍለጋ ራሷ ትመጣለች" ብሎሽ አልነበር? መጣች በይው።

አጎትሽ ሽብሩ